ዋይፋዩ ነደባው ላይ አለ፣ ፎቅ ላይ የለም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«የምንኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። ቤቱ ከአያቶቻችን የወረስነው የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። የፋይበር ኢንተርኔት ካስገባን ጥቂት ወራት ሆኖናል። ራውተሩ ግድር ጋር፣ ማለትም ትልቁ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ እንደ ጉድ ይሮጣል። ልጄ ፎቅ ላይ በምትማርበት ክፍል ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከግቢው ማዶ ባለው የእናቴ ክፍል ደግሞ ጭራሽ የለም። ካናዳ ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ለማውራት ግቢ መሃል መውጣት አለባት። ባለቤቴ ፓኬጁን እናሳድግ ይላል። ሱቅ ያሉት ሪፒተር ግዢ ይሉኛል። የቱ ይሻላል?»

የድሬ ልጅ ነኝና አንቱታው አይመጣልኝም። አንቺ ብዬ ልቀጥል፤ አንቺም አንተ በይኝ።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ፓኬጁን አታሳድጉ። ሪፒተሩንም፣ ማለትም የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ገና አትግዢ። ራውተሩን አሁን ካለበት አንሺው፤ ከዚያ አንድ ገመድ ወደ ፎቅ አውጪ። ምክንያቱን ደግሞ ቁጭ ብለን እናውራ። ካላወቅሽው ነገ ሱቅ ያለው ልጅ ባለ ስድስት አንቴና ዕቃ ያሸክምሻል።

መጀመሪያ የባለቤትሽን ሐሳብ እንፈትሽ። ስልክሽን ይዘሽ ከራውተሩ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ ቁሚ። የፍጥነት መለኪያ ክፈቺና ቁጥሩን ጻፊ። ያንኑ ስልክ ይዘሽ ፎቅ ውጪና ድገሚው። ታች 20 ሜጋ፣ ላይ 1 ሜጋ ካለሽ ኢንተርኔቱ ቤትሽ ድረስ በደህና ደርሷል። የጠፋው ቤት ውስጥ ነው። ውሃ ቆጣሪው ድረስ ሞልቶ እየመጣ የጓዳሽ ቧንቧ ጠብ ካላለ፣ ለውሃ ተጨማሪ ብር መክፈል ምን ይጠቅማል? ታችም ላይም እኩል ደካማ ከሆነ ግን ባለቤትሽ ልክ ነው። ያኔ ጉዳዩ የመስመሩ ወይም የፓኬጁ ነው።

ፈተናውን ጠዋት አድርጊው። ከሰዓት በኋላ የበርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት የሚቃምበት ሰዓት ነው። ነደባው ላይ፣ ማለትም ግድር ጋር ውስጥ ባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ፣ አሥር ሰው ተደርድሮ አሥሩም ቪዲዮ ሲከፍት የትኛውም መስመር ያቃስታል። ደግሞ የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ የዋይፋይን ሞገድ ይውጣል። ሰው የሞላበት ክፍል ውስጥ ሲግናሉ ከባዶው ክፍል ይልቅ ደከም ይላል። ቀልድ እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ራውተሩ። ግድር ጋር ነው ብለሻል እንጂ የት ጋ እንደተቀመጠ አልነገርሽኝም። ልገምት? ግድግዳው ውስጥ በተቀረጸው መደርደሪያ ውስጥ ነው። ጀጎል ውስጥ ስሠራ ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚያው ነው። አይፈረድም። ቦታው ያምራል፣ ከልጆች እጅ ይርቃል፣ መጽሐፍና ዕጣን ማጨሻው ይቀመጥበት የነበረ ነው፤ ራውተሩ ልክክ ይላል።

ግን እስኪ አንድ ጊዜ በራውተሩ ዓይን እይው። ከኋላው ድንጋይ፣ ከቀኙ ድንጋይ፣ ከግራው ድንጋይ፣ ከላዩም ድንጋይ። ክፍት የሆነለት ፊቱ ብቻ ነው። ዙሪያውን ደግሞ የቤቱ ጌጥ ተሰቅሏል። ስፌቶቹ ምንም አያደርጉም፤ ሳር ናቸው፣ ሞገዱ ያልፋቸዋል። ችግሩ የብረት ሳህኖቹና ትሪዎቹ ናቸው። ብረት ሞገዱን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ስለዚህ ነደባው ላይ ለተቀመጠ ሰው ኢንተርኔቱ እንደ ጉድ ይሮጣል፣ ከነደባው ጀርባ ያለው ዓለም ግን ጨለማ ነው።

የቤታችሁ ግድግዳ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፣ በጭቃ የተያያዘ፣ በኖራ የተለሰነ። ቀን ሙቀት የማያስገባው፣ ማታ ብርድ የማያስገባው ይኸው ውፍረቱ ነው። ዋይፋይንም የማያሳልፈው እሱው ነው። የሲግናል ኪሳራ በዴሲቤል ይለካል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። 10 ከጠፋ የቀረሽ አንድ አሥረኛ ነው፤ 20 ከጠፋ አንድ መቶኛ። አዲስ ቤቶች ውስጥ ያለው ቀጭን የጂፕሰም ክፍልፋይ 3 ገደማ ቢወስድ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወስዳል። ግድግዳው በዝናብ ሰሞን እርጥበት ሲስብ ደግሞ ይብስበታል።

ታዲያ ልጅሽ ጋ «አንዴ ይመጣል» የተባለው በየት በኩል ነው የሚደርሰው? በግድግዳው አይደለም። በበሩና በደረጃው ነው። ሞገዱ እንደ ድምፅ ነው ብለሽ አስቢው። ከግድር ጋር ሆነሽ ስትጣሪ ልጅሽ የምትሰማሽ በደረጃው በኩል በሚወጣው ድምፅ ነው። የደረጃው በር ሲዘጋ ኔትወርኩ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ዝጊና ክፈቺ እያደረግሽ ሞክሪው።

ለዚህ ነው ባለ ብዙ አንቴና ራውተር ገዝቶ ግድግዳውን በጉልበት ለመብሳት መሞከር የማያዋጣው። ራውተሩ ጮክ ብሎ ቢያወራ እንኳ የልጅሽ ስልክ በዚያው በትንሽ አቅሙ ነው የሚመልሰው። ንግግር ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሥራውን ስጀምር አካባቢ ፈረስ መጋላ አጠገብ አንድ ቤት ተጠራሁ። እንደ አንቺው፣ የውስጠኛው ክፍል ኔትወርክ የለውም። ሪፒተር ገዝቼ ከድሬ የደንገጎን ዳገት ወጣሁና እዚያው የውስጠኛው ክፍል ሶኬት ላይ ሰካሁት። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆነ። ቤተሰቡ ተደሰተ፣ ቡና ተፈላ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ወረድኩ። በማግስቱ ስልክ፦ «አቦ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ግን ምንም አይከፍትም!» እውነታቸውን ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው ሲግናል በስልኩና በሪፒተሩ መካከል ያለው ነው። ሪፒተሩ ራሱ ከራውተሩ ምን ያህል እያገኘ እንደሆነ አያሳይሽም። ያልሰማውን ወሬ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ቤት ውስጥ አስቀምጬላቸው ሄድኩ ማለት ነው። ተመልሼ ወጣሁና በነጻ ገመድ ዘረጋሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ራውተሩን ከመደርደሪያው አውጪው። ግን ቀስ ብለሽ። ወደ ራውተሩ የሚገባው ቀጭኑ ገመድ ፋይበር ነው፤ ውስጡ መስታወት ነው። እንደ ስልክ ቻርጀር ብታጥፊው ይሰበራል፣ ከዚያ ኢንተርኔት የለሽም። ገመዱ ካጠረ ራስሽ አትጎትቺው፤ ባለሙያ ጠርተሽ ረዘም ያለ ፋይበር ያስገቡልሽ። የሚሻለው ቦታ ከፍ ያለ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ክፍት የሆነና በሩንም ደረጃውንም የሚያይ ነው። መለኪያው ቀላል ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቆመሽ በዓይንሽ የደረጃውን አፍ ካየሽ ራውተሩም ያየዋል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አይሆንም፣ ከፍሪጁ አናት ላይ አይሆንም፣ ከትሪዎቹም ይራቅ። አንቴናዎቹ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ አንዱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፣ ሌላውን ወደ ጎን አስተኚ። አንቴና ሞገዱን የሚረጨው በጎኖቹ እንጂ በጫፉ አይደለም። የቆመው ለምድር ቤቱ፣ የተኛው ለፎቁ ይጠቅማል።

ይህ ብቻውን የልጅሽን ክፍል ሊያድን ይችላል። ካዳነ እዚህ ላይ አቁሚ፤ ብርሽም ይቀመጥ።

ልዩነቱን በግምት ሳይሆን በቁጥር እይው። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ የዋይፋይ መለኪያ አፕ በነጻ ይገኛል። የሚያሳይሽ ቁጥር ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -50 ግሩም ነው። እስከ -67 ድረስ ቪዲዮ ያለ ችግር ይሄዳል። -75 ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል። -85 ከደረሰ ተስፋ ቁረጪ።

ስልክሽ ላይ ሊታዩሽ ስለሚችሉት ሁለት የዋይፋይ ስሞችም ልንገርሽ። ራውተርሽ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ሳይኖሩት አይቀርም። 5 ፈጣን ነው፤ ግንብ ሲያይ ግን ቶሎ ይደክማል። 2.4 ዘገምተኛ ነው፤ ግን ግድግዳን የተሻለ ይታገላል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ 5ን ተጠቀሙ፣ ራቅ ላለው 2.4ን። 2.4 ላይ ቻናሉን፣ ማለትም ሞገዱ የሚሄድበትን መስመር፣ 1፣ 6 ወይም 11 አድርጊው፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በነገራችን ላይ እናንተ ጀጎል ያላችሁ እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። ድሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ብትከፍቺ የሃያ ጎረቤት ዋይፋይ ይዘረገፍልሻል፤ ሁሉም አንድ ቻናል ላይ ይራኮታል። ያንቺን ሲግናል የሚያስቀረው ግንብ የጎረቤትንም ያስቀርልሻል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ገመዱ። ድንጋይን የሚያሸንፈው ገመድ ብቻ ነው፤ ስለማይበሳው ይዞረዋል። ከራውተሩ አንድ የኔትወርክ ገመድ በደረጃው በኩል ወደ ፎቅ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሁለተኛ የዋይፋይ ዕቃ ይሰካል። ይህ ዕቃ አክሰስ ፖይንት ይባላል። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ፋይበር ከመግባቱ በፊት ትጠቀሙበት የነበረ አሮጌ ራውተር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እንደሆነ ፈልጊው።

ገመድ ስትገዢ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 በይ። ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለበትም፤ ያንቺ ቤት ሠላሳም አይሞላ። ዋናው ነገር መዳቡ ነው። ሐረር መኪና ግርግርም ሆነ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ብትሄጂ ርካሹ ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሻጩን ጫፉን እንዲልጥልሽ ጠይቂው። አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቂያት። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ጊዜ ስታጥፊው ቀጭ ይላል። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ጥቅሉን በእጅሽ መዝኚውም፤ መዳቡ ይከብዳል።

ግድግዳውን አትብሺ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምልሽ። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ድሪል ሲገባበት ከውስጥ መፈርፈር ይጀምራል። አንድ ጣት የምታህል ቀዳዳ ስትጀምሪ ከማዶ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ ይወድቃል። ደግሞም ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለ ከተማ ነው። የውጭ ግድግዳ የሚነካ ሥራ ካለ መጀመሪያ የከተማውን የቅርስ ሰዎች ማነጋገር ይገባል። ገመዱ ግን ምንም መንካት አያስፈልገውም። በጣሪያው ወራጅ ሥር ለሥር ይሂድ፣ በደረጃው ጠርዝ ይውጣ፣ የፎቁ በር ጋ ሲደርስ የእንጨቱን መቃን ጥግ ብቻ በ8 ሚሊሜትር ድሪል ብሺው። ጫፉ ላይ የሚገባው ፕላስቲክ (ኮኔክተሩ) ከ11 ሚሊሜትር በላይ ስፋት ስላለው በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ገመዱን አሳልፊ፣ ከዚያ ኮኔክተሩ ይመታ። የሚመታልሽ ልጅ የቀለሙን ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ያድርግ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ገመዱን ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አትክተቱት። ነጭ ገመድ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ኖራ ሲቀባ አብሮ ይቀባና ዓይን ውስጥ አይገባም።

አሮጌውን ራውተር ማስተካከል አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ገና ከዋናው ሳይገናኝ ብቻውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኚው። ሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ንኪ፣ አለቀ። ከሌለ ሁለት ነገር ቀይሪ። አድራሻው 192.168.1.1 ከሆነና ዋናውም እንደዚያው ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 አድርጊው፤ አለዚያ ሁለቱ አንድ ስም እንዳላቸው ልጆች አቤት ሲባሉ እኩል ይመጣሉ። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን አጥፊ። አድራሻ የማደል ሥራ የዋናው ብቻ ይሁን። ገመዱን ስትሰኪ በቀለም ለየት ያለችው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከቀሩት ከአንዷ ላይ ይሁን። የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ከታችኛው ጋር አንድ አድርጊ፤ ቻናሉን ብቻ ለይ፣ ታች 1 ከሆነ ላይ 6 ወይም 11። ልጅሽ ደረጃ ስትወጣ ስልኳ ራሱ ይሸጋገራል። አንዳንዴ የድሮውን ሙጭጭ ይላል፤ ያኔ ዋይፋዩን አጥፍታ ታብራው።

አሁን ደግሞ እናትሽ ጋ እንሂድ። ይህን አክሰስ ፖይንት ልጅሽ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ባገኘሽው ቦታ አታስቀምጪው። ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት ላይ አድርጊው። መስኮት ድንጋይ አይደለም፤ መስታወትና የእንጨት መዝጊያ ሞገዱን ብዙ አያስቸግሩትም። ከዚያ ላይ ሆኖ ግቢውን እያየ የእናትሽ በር ላይ ይወርዳል። በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት ከሆነ፣ ጀጎል ውስጥ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው፣ አንድ ዕቃ ሁለት ክፍል አዳነ ማለት ነው። በግቢው ላይ ገመድ አሳልፌ ልውሰድላት እንዳትይ። ፀሐዩ ልባሱን ይሰነጣጥቀዋል፣ በክረምት መብረቅ ሲኖር ደግሞ አየር ላይ የተዘረጋ መዳብ ዕቃ ያቃጥላል።

እንዲያም ሆኖ እናትሽ ክፍል ውስጥ ከ-75 በታች ከሆነ፣ የሱቁ ልጅ ሪፒተር እዚህ ላይ ነው ቦታው። ክፍሏ ውስጠኛ ጥግ ላይ ግን አይሰካም። በሯ ጋ፣ ከፎቁ መስኮት ሲግናሉ -65 አካባቢ በሚደርስበት ቦታ ይሰካ። ርካሹ ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ እየሰማ በዚያው ስለሚያወራ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል። ለእናትሽ ግድ የለም፤ ለቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሜጋ ከደረሳት ከልጇ ጋር እስኪበቃት ታወራለች።

ሜሽ ስለሚባለው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ሦስት ዕቃዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ቤቱን ይሸፍናሉ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ውድም ነው። ግን እነሱም ያለ ገመድ ከሆኑ የሚያወሩት በዚያው ግንብ በኩል ነው። ገመድ ከዘረጋሽ ደግሞ አሮጌው ራውተር ሥራውን ይሠራል። በመብራት መስመር ኢንተርኔት የሚያሳልፈውን ዕቃ ደግሞ ዝለይው። የድሮ ቤት የመብራት መስመር ተቀጣጥሎ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ቀን ሠርቶ ምጣድ ሲሰካ ይደክማል።

መብራቱን ካነሳን፣ ሁለቱም ዕቃዎች መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ እንደ ፓወር ባንክ ያለ ነው። ከመግዛትሽ በፊት የራውተሩን ሥር ገልብጠሽ 12 ቮልት ነው 9 የሚለውን አንብቢ። ተሳስተሽ 12ቱን 9 በሚፈልገው ላይ ከሰካሽ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። የመጀመሪያውን ፓስዎርድም ቀይሩት፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን በርጫ የመጣ ሁሉ ፎቶ አንስቶታል።

ልጅሽ በዚህ ሳምንት ፈተና ካላት እስከዚያው የፎቁን በር ከፍታ ደረጃው አፍ ላይ ትቀመጥ። ከዚያ ራውተሩን ከመደርደሪያው አውጪና አራት ቦታ ለክተሽ ጻፊልኝ፦ ነደባው ላይ፣ ደረጃው አናት ላይ፣ ልጅሽ ክፍል፣ እናትሽ በር ላይ። በክር ደግሞ ከራውተሩ እስከ ፎቁ መስኮት ያለውን ርቀት ለኪ፤ በየማዕዘኑ ስለሚታጠፍ ሁለት ሜትር ጨምሪበት። አራቱን ቁጥሮች ካየሁ ሪፒተሩ ያስፈልግሽ እንደሆነ እነግርሻለሁ።